«ችላ ማለት» ወይስ «ማስቀረት»? በአንድ የኮምፒዩተር ስያሜ ላይ የቀረበ ሒስ

«ኢግኖር» ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ በተዘጋጁ የኮምፒዩተር ገጾች ላይ ዘወትር የሚያጋጥመን አቻ «ችላ በል» ነው። ስለ አንድ ማስጠንቀቂያ መልእክት ሲነገር ብዙም አያስነቅፍ ይሆናል። ወደ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥራ ሲዛወር ግን ስሕተት ይወልዳል።

ጉዳዩ ጊት የተባለውን የሥሪት መቆጣጠሪያ ይመለከታል። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1997 ዓ.ም. የጀመረው ይህ መሣሪያ በአንድ ሥራ ፋይሎች ላይ የደረሰውን ለውጥ እየመዘገበ ያኖራል። ይሁንና የይለፍ ቃል እንደያዙት ያሉ አንዳንድ ፋይሎች ከሠራተኛው ኮምፒዩተር እንዲወጡ አይፈለግም። ለእነዚህ ሦስት ዓይነት ዝርዝሮች አሉ። «ጊትኢግኖር» የተባለው ከሥራው ጋር ተመዝግቦ ለባልደረቦች ሁሉ ይደርሳል፤ «ኤክስክሉድ» የተባለው በሠራተኛው ቅጂ ውስጥ ብቻ ይቀራል፤ ሦስተኛው ደግሞ በአንድ ተጠቃሚ እጅ ላሉት ሥራዎች ሁሉ ያገለግላል። ሦስቱም የሚሠሩት ገና መዝገብ ውስጥ ባልገባ ፋይል ላይ ነው።

«ችላ በል» የሚሰውረው ይህን ወሰን ነው። የገባውንም ያልገባውንም ችላ ማለት ይቻላልና፣ ጀማሪው ቀድሞ የተመዘገበ የምስጢር ፋይል ስም በዝርዝሩ ላይ ጽፎ ይተማመናል። ጊት ግን ፋይሉን መከታተሉን አያቋርጥም፤ ምስጢሩ ከሥራው ጋር ይላካል። ኋላ ከክትትል ቢያወጣው እንኳ የቀድሞው ቅጂ በታሪኩ ውስጥ ስለሚኖር፣ የይለፍ ቃሉን ከመለወጥ በቀር መፍትሔ የለውም።

ቃሉ ሌላም እንከን አለው፤ ወቀሳ ያዘለ ነው። በአርሲ ደጋ፣ በጎበሳ አካባቢ፣ አንድ ገበሬ ስንዴውን ችላ አለ ከተባለ አረም አስበላው ማለት ነው። ኦሮምኛውና አማርኛው ጎን ለጎን በሚነገርበት በዚያ አገር «ዺሱ» የሚለው የኦሮምኛ ግሥ መተውን ሲገልጽ እንዲህ ያለ ነቀፋ የግድ አይከተለውም። የእኛም «መተው» ከ«ችላ ማለት» ይሻላል፤ ሆኖም እጅግ ሰፊ ነው።

እኔ የምመርጠው «ማስቀረት» የሚለውን ነው። የጎበሳ ባለሱቅ የዕለቱን ሽያጭ በመዝገብ ሲያሰፍር የመደመሪያውን ብጣሽ ወረቀት ያስቀራል፤ አንድ ጊዜ በቀለም የሰፈረውን ግን ይሰርዛል እንጂ ያስቀራል አይባልም። በአገልግሎቱ ቃሉ ራሱ «ከመግባቱ በፊት» የሚለውን ይዟል። ስለዚህ «ጊትኢግኖር» የጋራ ማስቀሪያ፣ «ኤክስክሉድ» የቅጂ ማስቀሪያ፣ ሦስተኛው የተጠቃሚ ማስቀሪያ ቢባሉ ሥራቸው ከስማቸው ይታወቃል።

«አሲዩም አንቼንጅድ» እና «ስኪፕ ወርክትሪ» የተባሉት ትእዛዞች ከዚህ ቤተሰብ ሊቆጠሩ አይገባም። ብዙዎች የተመዘገበ ፋይል ላይ ያደረጉትን የግል ለውጥ ለመደበቅ ይጠቀሙባቸዋል፤ የጊት መመሪያ ግን ለዚህ እንዳልተሠሩ ይናገራል። የመጀመሪያውን «እንዳልተለወጠ ቁጠር» ማለት ይበቃል። ለሁለተኛው «ዝለል» የሚለውን የሚያቀርቡ አሉ፤ የሚዘለለው ፋይሉ ራሱ ሳይሆን በሥራ ማህደሩ ያለው ቅጂ ስለሆነ፣ «የሥራ ቅጂን እለፍ» ቢባል ይቀርባል እላለሁ።