ባለ ሁለት ዓይን ማን ነው?

በታክሲዬ ውስጥ ከመሪው በላይ አንዲት ትንሽ የሥላሴ ሥዕል ለጥፌአለሁ። በቀደም አንድ ፈረንጅ ተሳፋሪ ሦስቱን ሽማግሌዎች ትኩር ብሎ አየና «መንታ ናቸው እንዴ?» አለኝ። ሳቅሁ፤ ነገሩ ግን ሲከነክነኝ ዋለ። አገር ቤት ታሪክ ሳስተምር አንድ ተማሪ ይህንኑ ቢጠይቀኝ «የጥንት ሠዓሊዎቻችን መልክ መለየት አይችሉም ነበር» ብዬ አልፌው ነበርና።

ዛሬ ስሕተቴን ላርም። ሠዓሊው ሦስቱን በፊት፣ በጢምና በልብስ አንድ ያደረጋቸው አቅቶት አይደለም። በዚያው ሥዕል ማዕዘናት ላይ ገጸ ሰብእን፣ ገጸ አንበሳን፣ ገጸ ላህምንና ገጸ ንስርን አሳምሮ ለይቷቸዋል። ዓይን ያላየውን አንድነትና ሦስትነት በቀለም መናገሩ ነው። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያው ላይ የተደረደሩት መላእክትም ፊትና ክንፍ ብቻ ናቸው። ሠዓሊው ሥጋ ለሌለው ሥጋ አልፈጠረለትም፤ ዓይን ብቻ ሰጠው። ቀና ብሎ የሚያይ ሰው እሱ ራሱ የሚታይ ይመስለዋል።

ክፋትም አይታይም። ስለዚህ ክፉ ሰው በጎኑ፣ በአንድ ዓይን ይሣላል። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን እንኳ ይሁዳን ከሐዋርያት መካከል ወዲያው ይለየዋል።

ይሁንና ማድነቅ ብቻውን ሒስ አይሆንም። በብዙ ሥዕሎች ግርጌ ሥዕሉን ያሣለው ባለጸጋ ተደፍቶ ሲማጸን ይታያል። የቀለሙን ዋጋ ከፍሎ በአንድ ዓይን የተሣለ ጌታ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላጋጠመኝም። በዓድዋ ሥዕሎችም አብዛኛውን ጊዜ የእኛ ወገን ባለ ሁለት ዓይን፣ ጣልያኑ ባለ አንድ ዓይን ነው። አምላክን ለመሣል የደፈረ ብሩሽ የጌታውን ልብ ለመመርመር ግን አልደፈረም። ክፋትን ከሰው ልብ አውጥቶ ከወዲያኛው ሰፈር ፊት ላይ ለጠፈው። የዚህ ጥበብ ትልቁ ጉድለት ይህ ይመስለኛል።

በእኛስ ዘንድ? እዚህ በስደት አገር ማኅበር በተከፈለ ቁጥር ትናንት አብሮን ቡና የጠጣውን ሰው በአንድ ዓይን እንሥለዋለን። እኔም ሥያለሁ።

እንግዲህ ልጆቻችሁ ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል እያዩ ሲጠይቋችሁ፣ እንደ እኔ «አይችሉም ነበር» ብላችሁ አትለፏቸው። አብራችሁ ቁሙና ዓይኖቹን ቁጠሩ። ባለ አንድ ዓይን ስታገኙም ማን እንደሣለው፣ ማንስ እንዳሣለው ጠይቋቸው።