የእንቁላሉ እግር

ሳውዝ ሲ ውስጥ በስዋሂሊ አፉን የፈታ ልጅ ‹‹ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል›› ሲባል ሰምቶ ፍችውን ቢጠይቅ፣ ከወላጆቹ በቀላሉ የሚያገኘው መልስ ‹‹ሃባ ና ሃባ ሁጃዛ ኪባባ ማለት ነው›› የሚል ነው፤ ጥቂት በጥቂት መስፈሪያውን ይሞላል እንደ ማለት። ልጁም ገባኝ ብሎ ያልፋል። ይሁን እንጂ ሁለቱ አነጋገሮች አንድ አይደሉም።

የስዋሂሊው ነገር ስፍር ነው። ኪባባ የእህል መስፈሪያ ነውና ዛሬ እፍኝ፣ ነገ እፍኝ ሲጨመርበት ይሞላል፤ እህሉ ግን ሲሞላም ያው እህል ነው። ለእቁብተኛ የሚስማማ ምክር ነው። ውበቱ ድምፁ ላይ ነው፤ ሃባ፣ ሃባ፣ ኪባባ ሲባል ‹ባ› ራሷ እየተጠራቀመች ትሄዳለች። አማርኛው በአንጻሩ ስለ መጨመር ሳይሆን ስለ መለወጥ ይናገራል። እንቁላል ምንም አይጨመርበትም፤ ይታቀፋል፣ ይጠበቃል፣ ሌላ ፍጥረት ሆኖ ይነሣል። ከሁሉ የሚደንቀው ደግሞ ‹ጫጩት› የሚለው ቃል አለመጠራቱ ነው። ተናጋሪው መካከሉን ዘሎ እግሩን ለእንቁላሉ ሰጠው፤ የተዘለለውን መሙላት የሰሚው ድርሻ ሆነ። ‹‹ቀስ በቀስ እንቁላል ጫጩት ይሆናል›› ቢባል ምክሩ አይጎድልም፤ ነገር ግን ማን ደግሞ ይለዋል?

ይህ ዝላይ ‹‹ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ›› ላይ ይብሳል፤ ማሰሪያ አንቀጽ እንኳ የለውም። ዣክ ፋይትሎቪች እ.ኤ.አ. በ1907 ፓሪስ ላይ ያሳተመው የአቢሲኒያ ምሳሌያዊ አነጋገሮች ስብስብ ከርእሱ ጀምሮ የተተረጎመ፣ የተብራራና ማስታወሻ የታከለበት መሆኑን ይናገራል። ለአንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ሦስት አሽከር መቅጠር ነው፤ አይፈረድበትም።

‹‹የቸኮለ አፍሶ ለቀመ›› እና ‹‹ሐራካ ሐራካ ሃይና ባራካ›› ይበልጥ ይቀራረባሉ። እዚህም ላይ ግን ስዋሂሊው ችኮላ በረከት የለውም ብሎ ሲፈርድ፣ አማርኛው አንድም ፍርድ ሳይሰጥ ጎንበስ ብሎ የሚለቅም ሰው ያሳያል።

በአቻ መተርጎም ምክሩን ለልጁ ያደርሳል፤ ምክር ደግሞ በየትኛውም ቋንቋ ይገኛል። ሳይደርሰው የሚቀረው ያ ዝላይ ነው። ‹‹እንቁላል እግር ከየት አመጣ?›› ብሎ ጠይቆ ዝም የሚል ወላጅ ከተርጓሚው ይሻላል። ስዋሂሊውም በተራው ሊጠየቅ ይገባል፤ ነጋዴው ጎሮጎሮ በሚሉት ጣሳ በሚሰፍርበት በናይሮቢ ገበያ ኪባባም ራሱ ማብራሪያ ይሻል።