ብርሃን ከጣራ፦ ስለ ነቀምቴና ስለ ወለጋ ከተሞች ቅጥያ ቤቶች የቀረበ ሂስ

ስለ ግጥም፣ ስለ ቴአትርና ስለ ሥዕል ሂስ መጻፍ የተለመደ ነው። ስለ ጣራ መጻፍ ግን እንደ ቧልት ሊቆጠር ይችላል። ይሁን እንጂ ሕዝብ በየዕለቱ ከሚገለገልባቸው የጥበብ ሥራዎች ሁሉ ቀዳሚው ቤት ነው። ቴአትር ባይጥመን ትተን እንወጣለን፤ ቤት ባይጥመን ግን እንኖርበታለን። ስለሆነም በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆና በደምቢ ዶሎ በየጓሮው የሚሠራው ቅጥያ ቤትና በጣራው ላይ የሚከፈተው መስኮት የሐያሲ ዓይን ሊያርፍበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

የቀድሞው የወለጋ ገጠር ቤት በኦሮምኛ «ኡቱባ» በሚባለው ምሰሶ ዙሪያ የሚቆም፣ በሣር የሚከደንና ብርሃኑን በአብዛኛው ከደጃፉ የሚቀበል ክብ ቤት ነበር። በነቀምቴ የሚገኘው የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥትም እንጨት በሠለጠነ እጅ ሲሠራ ምን ያህል እንደሚያምር የሚመሰክር ቅርስ ነው። ከእነዚህ ቀጥሎ የመጣው የከተማው ቤት ግን ባለ አራት ማዕዘን፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። ቤተሰብ ሲበዛ በስተጓሮ ቅጥያ ይታከልበታል። ቅጥያውም ከአሮጌው ጣራ ጠርዝ ሥር ስለሚጀምር የመካከለኛው ክፍል መስኮት ይደፈናል። በቀትር መብራት የሚበራበት፣ መብራት ሲጠፋም ልጆች በሻማ የሚያጠኑበት ክፍል የሚፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው። ለዚህ የሚሰጠው መድኃኒት ደግሞ አንድ ቆርቆሮ አንሥቶ በምትኩ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ወይም መስተዋት መግጠም ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም የዚህ ስሕተት ተካፋይ ነበር። ነቀምቴ በሚገኘው የእናቴ ቤት ቅጥያ ሲሠራ፣ «ሰፊ መስኮት ከጣራው ይከፈት» ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። አናጢው ሽማግሌ፣ «ወራጅ ሲቆረጥ ጎረቤቶቹን ማበርታት ያስፈልጋል፤ አንድ ቀን ይጨመርልኝ» አሉኝ። እኔ ግን ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ ቸኩዬ ነበርና አልሰማኋቸውም። ክረምት ሲገባ ጣራው ጎበጠ፤ ውሃውም በእናቴ አልጋ ላይ ወረደ። እናቴ አልጋዋን ወደ ጥጉ ገፍታ፣ «ልጄ፣ ብርሃኑንስ ወደድኩት፤ ከነውሃው አመጣኸው እንጂ» አለችኝ። ከዚያ የበለጠ ሂስ በማንኛውም ሥራዬ ላይ ተሰጥቶኝ አያውቅም።

ስሕተቱ ከምን ላይ ነው? ወራጅ የክዳኑን ክብደት ተሸክሞ ወደ ግድግዳው የሚያወርድ እንጨት ነው። አንዱ ከመካከሉ ሲቆረጥ ሸክሙ አይጠፋም፤ የሚሄድበት ይሻል። ስለዚህ ከክፍቱ በላይና በታች አግዳሚ እንጨት ተጋድሞ የተቆረጠውን ወራጅ ጫፎች ይቀበላል፤ ሸክሙንም በግራና በቀኝ ላሉት ወራጆች ያስተላልፋል። እነዚህም ሁለቱ በሌላ እንጨት ተደርበው መጠንከር አለባቸው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የተነገረው ለጣራ ይመስላል። ከሁሉም የሚሻለው ግን መስኮቱን በሁለት ወራጆች መካከል በሚበቃው ልክ አጥብቦ ምንም አለመቁረጥ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ውሃ ነው። በነቀምቴ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርዳል። ይህም ማለት አንድ ካሬ ሜትር ጣራ ወደ 2000 ሊትር ውሃ ይቀበላል ማለት ነው። ቅጥያው ከአሮጌው ጠርዝ ሥር ስለሚጀምር ተዳፋትነቱ ያንሳል፤ ውሃውም ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ከመስኮቱ አናት ሲደርስም ይተኛል። ስለዚህ መስኮቱ ከክዳኑ ከፍ ባለ የእንጨት ክፈፍ ላይ መቀመጥ አለበት። የዙሪያው ቆርቆሮም በላይኛው በኩል ከክዳኑ ሥር ገብቶ፣ በታችኛው በኩል ከክዳኑ በላይ መውጣት ይኖርበታል። ሕጉ አጭር ነው፤ የላዩ የታቹን ይሸፍን።

ሦስተኛው የፀሐይ ጉዳይ ነው። በ1941 እ.ኤ.አ. ቪሉም ካን ራስሙሰን የጣራ መስኮት የሚሠራ ድርጅት ያቋቋመው በዴንማርክ፣ ፀሐይ በክረምት ከአድማስ ብዙም ከፍ በማትልበት አገር ነው። ነቀምቴ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ ከአናት ላይ ትቆማለች። በበጋ በዚያ መስተዋት ሥር የተቀመጠ ሰው ብርሃን ሳይሆን እሳት ይወርድበታል። የመድረክ ሰው ሌላም ነገር ያውቃል፤ ከአናት ብቻ የሚወርድ ብርሃን የተዋናዩን ዓይን በጥላ ይደፍናል፤ ፊት የሚነበበው ከጎን በሚመጣ ብርሃን ነው። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ የሚታየው የአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስተዋት 150 ካሬ ሜትር ስፋት ኖሮት በግድግዳ ላይ የቆመ እንጂ በጣራ ላይ የተኛ አይደለም።

እንግዲህ የኛ አስተያየት የጣራ መስኮት ፈጽሞ ይቅር የሚል አይደለም፤ ሌላ መንገድ ሲጠፋ በሥርዓቱ ይሠራ የሚል ነው። አስቀድሞ ግን የቅጥያው ጣራ ከአሮጌው ጠርዝ ዝቅ ብሎ ይጀምር። ነቀምቴ ተዳፋት ከተማ ስለሆነች ጓሮው ዝቅ የሚልባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ከቅጥያው ጣራ በላይ በሚቀረው ግድግዳ ላይ ረጅም መስኮት ቢከፈት አሮጌው ጠርዝ ከዝናብም ከፀሐይም ይከልለዋል፤ አንድም ወራጅ አይቆረጥም።

በተከታዩ በጋ እነዚያኑ ሽማግሌ ለምኜ የእናቴን ቤት እንደዚሁ አሠራን። የጠየቁት ጊዜ ሦስት ቀን ነበር፤ በዚህ ጊዜ ሰጠኋቸው። አልጋው ወደ ቦታው ተመልሷል።