«ጎጆ»፣ «ክፍተት» እና «ትርፍ»፦ በአንድ የላሜራ ቆረጣ መመሪያ ትርጉም ላይ የቀረበ ሒስ

ለአንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ሠራተኞች ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ መመሪያ ለአስተያየት ደርሶን ተመልክተነዋል። መመሪያው የሚያስተምረው ልዩ ልዩ ክፍሎች በሌዘር ጨረር ከመቆረጣቸው በፊት በላሜራው ገጽ ላይ እንዴት ቢቀመጡ ብክነት እንደሚቀንስ ነው። የተርጓሚው ዐረፍተ ነገር የተቃና፣ ሐተታውም ያልተንዛዛ በመሆኑ ድካሙ የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ በጥቂት የሙያ ቃላት አመራረጥ ላይ የታየው ጉድለት በቀላሉ የሚታለፍ ሆኖ አላገኘነውም። በዚህ ሥራ የቃል ስሕተት የሚከፈለው በብረት ነውና።

አስቀድመን የነገሩን ምንነት በምሳሌ እናሳይ። ወርዱ 1500፣ ቁመቱ 3000 ሚሊ ሜትር የሆነ ላሜራ አለን እንበል። ከዚህ ላይ ቀጥ ያለ ማዕዘን የሚሠሩት ሁለት ጎኖቻቸው 290 ሚሊ ሜትር የሆኑ ባለ ሦስት ማዕዘን ክፍሎች ይቆረጣሉ፤ በመካከላቸውም 5 ሚሊ ሜትር ይተዋል። እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው አንድ ባለ አራት ማዕዘን ቦታ ቢይዝ የሚወጣው 50 ክፍል ሲሆን፣ ከላሜራው ሥራ ላይ የሚውለው 46.7 በመቶ ብቻ ነው። ሁለት ሁለቱ በረጅሙ ጎናቸው ፊት ለፊት እንዲገጥሙ ቢደረግ ግን 100 ክፍል ይወጣል፤ ሥራ ላይ የሚውለውም 93.4 በመቶ ይደርሳል። ብረቱም ማሽኑም አንድ ናቸው፤ የተለየው አቀማመጡ ነው።

ይህን ሥራ እንግሊዝኛው «ኔስቲንግ» ይለዋል። ተርጓሚው በአንድ ገጽ «ጎጆ መሥራት»፣ በሌላው «ድርድር»፣ በሦስተኛው «አቀማመጥ» ብሎታል። የመጀመሪያው ምንጩን በቀጥታ የተከተለ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ግን ከወፍ ጎጆ ተነሥቶ አንዱ በሌላው ውስጥ ተሸጉጦ ወደ መቀመጥ ትርጉም ተሻግሯል፤ የእኛ «ጎጆ» ይህን መንገድ አልሄደም። አማርኛ ተናጋሪ «ጎጆ» ሲባል የሚታየው ክዳንና ምሰሶ፣ ሲሰፋም ትዳር ነው። «ድርድር» ዛሬ በብዙው የሚያገለግለው ለንግግር ነው፤ በጥንተ ትርጉሙም ቢሆን በረድፍ የቆመን ነገር ያሳያል እንጂ ጠማማውን ከጠማማ ማዋደድን አያሳይም። «አቀማመጥ» ስሕተት ባይሆንም እጅግ ሰፊ ነው። በበኩላችን «ድልደላ» የሚለውን እንመርጣለን። «ደለደለ» ያለውን ነገር አይቶ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ቦታ መስጠትን ስለሚያመለክት፣ ሙሉውንና ክፍሉን በአንድነት ይይዛል። «የክፍሎች ድልደላ» ቢባል ሠራተኛው ያለ ማብራሪያ የሚቀበለው ይመስለናል።

ከዚህ የከፋው ጉድለት «ክፍተት» በሚለው ቃል ላይ የደረሰው ነው። መመሪያው ጨረሩ አቅልጦ የሚያስወግደውን ጠባብ መስመርም፣ በሁለት ክፍሎች መካከል ሆን ተብሎ የሚተወውን ብረትም በዚሁ በአንድ ቃል ይጠራቸዋል። የመጀመሪያው ብረት የጠፋበት ሲሆን ሁለተኛው ብረት የቀረበት ነው። በምሳሌአችን የጨረሩ መስመር ወርድ 0.2 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ክፍሉ ልኩን እንዲጠብቅ ጨረሩ ከውጭው ጠርዝ 0.1 ሚሊ ሜትር ወጣ ብሎ፣ በቀዳዳ ላይም በዚያው ልክ ወደ ውስጥ ገብቶ መሄድ አለበት። «ክፍተት» የሚለውን ያነበበ ሠራተኛ በዚህ ፈንታ 5 ሚሊ ሜትር ቢያስገባና ማሽኑ ቢቀበለው፣ ጨረሩ 2.5 ሚሊ ሜትር ይርቃል፤ ክፍሉ በ4.8 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ 10 ሚሊ ሜትር እንዲሆን የታሰበው ቀዳዳም 5.2 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ጨረሩ ለሚያስወግደው «የጨረር ፈለግ»፣ ሆን ተብሎ ለሚተወው «ርቀት» እንዲባል እናሳስባለን።

በሦስተኛ ደረጃ፣ «ማዞር» እና «መገልበጥ» ያለ ልዩነት ገብተዋል። ማዞር ክፍሉን በተኛበት ገጽ ላይ አቅጣጫውን መለወጥ ነው፤ መገልበጥ ግን ጀርባውን ፊት ማድረግ ነው። የቀኝ እጀታ ቢገለበጥ የግራ ይሆናል፤ አንድ ፊቱ ቀለም የተቀባ ላሜራ ከሆነ ደግሞ ቀለሙ በማይፈለግበት በኩል ይውላል። ማዞርም ቢሆን ወሰን አለው። ላሜራ በፋብሪካ ሲዳመጥ የሚይዘው አቅጣጫ አለ፤ ክፍሉ በኋላ የሚታጠፍ ከሆነ በዚህ አቅጣጫ ትይዩ መታጠፉ ለመሰንጠቅ ይበልጥ ያጋልጠዋል። በ180 ዲግሪ ቢዞር ጉዳት የለውም፤ በ90 ዲግሪ ሲዞር ግን ሊያስከትል ይችላል። አማርኛችን ሁለቱን ግሶች ለይቶ ይዟል፤ የጎደለው የተርጓሚው ጥንቃቄ ነው።

«ትርፍ» የሚለውም እንዲሁ አሳሳች ነው። መመሪያው ከቆረጣ በኋላ የሚተርፈውን ሁሉ «ትርፍ» ይለዋል። «የዚህ ላሜራ ትርፍ 20 በመቶ ነው» የሚለውን ያነበበ የሒሳብ ሠራተኛ ደስ ሊለው ይችላል፤ የተነገረው ግን የተገላቢጦሹ ነው። በተጨማሪም ወደ መጋዘን ተመልሶ ለሌላ ሥራ የሚሆነውን «ቅሪት»፣ ለማቅለጫ የሚሸጠውን ደግሞ «ቁርጥራጭ» ብሎ መለየት ያስፈልጋል። በአንጻሩ ክፍሎቹ ከወጡ በኋላ ለሚቀረው ወንፊት መሰል ላሜራ የተሰጠው «አፅም» እና ሁለት ክፍሎች በአንድ ቆረጣ ለሚለያዩበት የተሰጠው «የጋራ መስመር» ተስማሚ ስያሜዎች ናቸው።

መመሪያው በመጨረሻ ማሽኑ «ፍጹሙን» ድልደላ እንደሚያገኝ ይናገራል። ይህ ከቃል ምርጫ አልፎ የእውቀት ስሕተት ይሆናል። ካንቶሮቪች እ.ኤ.አ. በ1939 ዓ.ም. የቁሳቁስ ቆረጣን በሒሳብ መርምሯል፤ ጊልሞርና ጎሞሪም በ1961 ዓ.ም. በቀጥተኛ መርሐ ግብር የሚፈታበትን ዘዴ አቅርበዋል። ሆኖም ቅርጻቸው ያልተስተካከለ ብዙ ክፍሎች ሲኖሩ የአማራጮቹ ብዛት ከቁጥጥር ውጭ ስለሚሆን፣ ኮምፒዩተሩ በተሰጠው ጊዜ የሚያቀርበው ጥሩ ድልደላ እንጂ ፍጹምነቱ የተረጋገጠ አይደለም። «የተሻለ» ማለት ይበቃል። «ፍጹም» ተብሎ የተነገረው ሠራተኛ በዓይኑ ያየውን የተሻለ አቀማመጥ ለመጠቆም አይደፍርም።

አንድ ነገር ልንጨምር። «ሌዘር» በአማርኛችን ለተለፋ ቆዳም ያገለግላል። ቆዳም በዚሁ ጨረር ይቆረጣልና «የሌዘር መቁረጫ» ሲባል የሚቆርጠው ይሁን የሚቆረጠው አይታወቅም። ለመሣሪያው «የሌዘር ጨረር»፣ ለቁሱ «ቆዳ» ማለት ችግሩን ያስወግደዋል።

ከላይ ያቀረብናቸው ስያሜዎች የመጨረሻ ናቸው አንልም። የሚሻል ያገኘ ቢያርመን ደስታችን ነው። ዳሩ ግን ማንኛውም ስያሜ ከመጽደቁ በፊት በላሜራው አጠገብ ለቆመው ሠራተኛ ተነግሮ፣ እጁ ወዴት እንደሚሄድ መታየት አለበት።