ስለ ጌታቸው መኩሪያ የኋለኛ አልበሞች፤ የቀድሞ ፍርዳችንን ስናርም



ከሁለት እትም በፊት በዚሁ ገጽ ስለ ሳክስፎን ተጫዋቹ ስለ ጌታቸው መኩሪያ ስንጽፍ፣ በስተርጅና ከሆላንዶች ጋር የሠሯቸውን ሁለት አልበሞች በሦስት መስመር ሸኝተናቸው ነበር። «የጎልማሳነታቸው ሥራ ወርቅ ነው፤ የእርጅናቸው ግን የቆርቆሮ ጩኸት ነው» ነበር ያልነው። አባባሉ ለአፍ ስለሚጥም ብዙ ሰው ተቀብሎ ደጋግሞታል። ይሁን እንጂ ስሕተት ነበር። ሐያሲ የተሳሳተውን በጻፈበት ገጽ ላይ ማረም ይገባዋል ብለን ስለምናምን የዛሬውን ቦታ ለዚሁ አውለነዋል።

በቅድሚያ ስለ አሰማማችን እንናዘዝ። አልበሞቹ የደረሱን በአንድ ወዳጃችን ሚሞሪ ካርድ ላይ ተጭነው ነው። የስልኩ ድምፅ ለአሥራ ሁለት ሰው ስለማይበቃ ስልኩን በባዶ የዘይት ጣሳ ውስጥ አስቀመጥነው። ድምፁ ጎላ፤ ባሱ ግን ጠፋ፤ የቀረው ሁሉ ተንጫጫ። «የቆርቆሮ ጩኸት» ብለን የፈረድነው እንግዲህ በከፊል በራሳችን ጣሳ ላይ ነበር! ኋላ አንድ ማዳመጫ ተገኝቶ ግማሹን አንዱ፣ ግማሹን ሌላው በጆሮው እያደረገ በየተራ ስንሰማ ነው ነገሩ መገለጥ የጀመረው። ሆኖም ጣሳውን ብቻ ጥፋተኛ ብናደርግ ሐቀኞች አንሆንም። ጉድለቱ በጆሯችንም ነበር።

ነገሩ እንዲገባ ከመነሻው እንጀምር። (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ጌታቸው መኩሪያ በ1935 በይፋት ተወለዱ። በልጅነታቸው ክራርና ማሲንቆ ይጫወቱ ነበር፤ ቀጥሎ ክላርኔትና ሳክስፎን ያዙ። በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ፣ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገቡ፤ በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተሻገሩ። እስከዚህ ድረስ የብዙ የዘመኑ የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾች ታሪክ ነው። ጋሽ ጌታቸውን ለብቻቸው ያቆማቸው በ1950ዎቹ ሽለላን ከሸላዩ አፍ ወስደው በሳክስፎን መንፋታቸው ነው።

ሽለላ ምን እንደ ሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት ድፍረት ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ እናስታውስ። ሽለላ በሜዳ ሲባል በእኩል የተቆጠረ ምት የለውም። ሸላዩ ይንጎራደዳል፤ ይቆማል፤ ይመለሳል፤ ስንኙ የሚረዝመውም የሚያጥረውም በትንፋሹ ልክ ነው። ጋሽ ጌታቸው ይህንኑ ነው ወደ ናስ ቱቦ ያስገቡት። አንዱን ኖታ እየደጋገሙ ይቸክሉታል፤ የሚረዝመውን ያንቀጠቅጡታል፤ ጉሮሮ ያለው ይመስል ያሻክሩታል። መድረክ ላይ ሲወጡም ለምድ ደርበው፣ ጎፈር ደፍተው ነበር። የውጭ አገር ሐያስያን ከአሜሪካዊው ከአልበርት አይለር ጋር ያመሳስሏቸዋል፤ ነገር ግን አይለር የታወቀው በ1960ዎቹ ነው፤ ጋሽ ጌታቸው ከዚያ ቀድመው ጀምረዋል። የሰሙት አሜሪካዊ ሳይሆን የአገራቸውን ሸላይ ነው። «ታዲያ ሙዚቃቸው ጃዝ ነው ወይስ አይደለም?» የሚለውን ክርክር ለሚወዱት እንተወው።

እኛ የምንወደው በ1970ዎቹ መጀመሪያ በፊሊፕስ የታተመውን ሸክላ ነበር፤ በ2003 በፈረንሳይ አገር በሚታተመው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ 14ኛ ሆኖ እንደ ገና ወጥቷል። «ሽለላ»፣ «አካለ ውቤ»፣ «አምባሰል» ያሉበት ነው። ባንዱ ከኋላ ረጋ ብሎ ይከተላል፤ ሳክስፎኑ ከፊት ይንጎራደዳል። ማታ ማታ ይህን እየከፈትን እንተክዝ ነበር። ከመካከላችን አዲስ አበባን በዓይኑ ያላየው እንኳ አዲስ አበባን ይናፍቅ ነበር።

አንድ ምሽት «ሽለላ» የተባለውን ስናጫውት ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ከደጃቸው ተነሥተው መጡ። ቆም ብለው ሰሙና «ልጆቼ፣ እባካችሁ ይህን አጥፉልኝ፤ ልጄን የሸኘሁት በዚህ ነው» አሉን። አጠፋነው። ልጃቸው የት እንደ ዘመተ፣ ከየትኛው ወገን እንደ ነበረ አልጠየቅንም፤ እሳቸውም አልነገሩንም። በዚህ ሰፈር ውስጥ ልጁን በሽለላ የሸኘ ሰው ከአንድ ወገን ብቻ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለን ተቀመጥን። ይህን ሸክላ ስንት ጊዜ ሰምተነዋል! ስንት ጊዜስ «ጣፋጭ» ብለነዋል! እኚህ እናት ግን አንድ ጊዜ ሰምተው ምን እንደ ሆነ ዐወቁት። እኛ ስንሰማ የኖርነው ሽለላውን ሳይሆን የራሳችንን ናፍቆት ነበር። የባንዱ እርጋታ ለዚህ ረድቶናል። ሸክላው ስሕተት አለበት ማለታችን አይደለም፤ ዛሬም ትልቅ ሥራ ነው እንላለን። እኛ ግን እንደ ትራስ ተንተርሰነው ነበር።

የሆላንዶቹን አልበም እንደ ገና የከፈትነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ዘ ኤክስ የሚባለው ቡድን በ1979 በሆላንድ ተቋቋመ። ሙዚቃው ፓንክ ይባላል፤ ቤት ያጡ ወጣቶች ባዶ ሕንጻዎችን ይዘው ይኖሩበት ከነበረው እንቅስቃሴ ጋር አብሮ ያደገ ነው። ፖለቲካቸውን አይደብቁም፤ በ1986 ስለ 1936ቱ የስፔን አብዮት አንድ ሥራ አሳትመዋል። በ2004 የ25ኛ ዓመት በዓላቸውን አምስተርዳም ላይ ሲያከብሩ ጋሽ ጌታቸውን ጋበዙ። ከዚያ «ከእናንተ ጋር አልበም ልሥራ» ያሉት ራሳቸው ሽማግሌው ናቸው። ይህን ማወቁ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ፈረንጆች አንድ አዛውንት ይዘው እንደ ፈለጉ አደረጓቸው የሚል ሐሜት በመካከላችን ተነሥቶ ነበር። አጃቢያቸውን የመረጡት እሳቸው ናቸው። በ2006 «ሞዓ አንበሳ» ወጣ፤ ዕድሜያቸው 71 ነበር።

ርእሱን በተመለከተ አንዳንዶቻችን ቅር ይለናል። የዘውዱ ማኅተም ቃል ነውና። ሌሎቻችን ደግሞ ጎፈር ደፍቶ ዕድሜውን ለፈጀ ተጫዋች የቅጽል ስም ያህል ነው እንላለን። አልተስማማንም፤ እንለፈው።

አሁን ወደ ድምፁ። ሁለቱ ጊታሮች እንደለመድነው ዜማ አያጅቡም። ክሩን ይፈገፍጉታል፤ ይኮረኩሙታል፤ አንዳንዴ ብረት ሲሞረድ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ያወጣሉ። ለእነሱ ተጨማሪ ክላርኔት፣ ሌላ ሳክስፎንና ትሮምቦን አለ። መጀመሪያ ሲሰማ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚናገርበት ስብሰባ ይመስላል። ከመካከላችን ስልክ የሚጠግነው ወጣት «ጊታሩን ተዉትና ድራሟን ስሙ» ባይለን ኖሮ እዚያው እንቀር ነበር። ድራም መቺዋ ካትሪና ቦርነፌልድ ትባላለች። አመታቷ ያልተወሳሰበ፣ ጠንካራና የማይሰለች ነው፤ ለእኛ ጆሮ በሜዳ ላይ የሕዝብ ጭብጨባና የእግር ድምፅ ይመስለናል። እሷን ይዞ የተከተለ ሰው ሳክስፎኑን አያጣውም። እኛም በዚያው ገባን።

«ቼ በለው ሽለላ»ን ያን ጊዜ ነው በትክክል የሰማነው። ስሙ ፈረስ መኮልኮልን ያስታውሳል፤ ሙዚቃውም እንዲሁ ነው። በአሮጌው ሸክላ ላይ ባንዱ ከሸላዩ ኋላ ይሄዳል፤ እዚህ ግን ጊታሮቹ ከፊቱ ይቆማሉ። ሳክስፎኑ ይፎክራል፤ ጊታሮቹ «እሺ» አይሉም፤ ያቋርጡታል፤ ይሟገቱታል፤ እሱ ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመለሳል። መተከዝ አይቻልም። ይህን እየሰማ አዲስ አበባን የሚናፍቅ ሰው ቢኖር እናደንቀዋለን! መጀመሪያ የጠላነው ይህንኑ ነበር፤ ናፍቆታችንን ስለ ነሣን። ዛሬ የምናከብረውም ስለዚሁ ነው። ሽለላ ደም ያለበት ነገር መሆኑን አይሸፍንም። የሚያስፈራውን እንደሚያስፈራ ያሰማል።

በዚህ ላይ በመካከላችን ብርቱ ክርክር ተነሥቷል። አንዱ ጓደኛችን እንዲህ ይላል፦ ሽለላ በቃል ሲባል የገዳዩን የዘር ሐረግ ይቆጥራል፤ የጠላትን ስም ይጠራል፤ ሳክስፎን ግን ቃል የለውም፤ ስም አይጠራም፤ ስለዚህ ከየትም ወገን የመጣ ሰው አብሮ ሊሰማው ይችላል። ይህ አስተያየት ለሰፈራችን የሚመች ነው። ሌላዋ ጓደኛችን መለሰችለት፦ ቃሉ ቢወጣም ሰሚው ራሱ ይሞላዋል፤ እያንዳንዳችን በልባችን የየራሳችንን ጠላት ስም እየጠራን ነው የምንሰማው፤ እኚያ እናትም ያለ ቃል ነው ያወቁት። አብዛኞቻችን ከእሷ ጋር ነን። ጋሽ ጌታቸው ሽለላውን ከጦርነት አላጸዱትም። የኋለኛው አልበም የሚያደርገው ሌላ ነው፤ ፎካሪው ፊት የማያጨበጭብ ሰው ያቆማል። በሜዳ ላይ ሸላይ እንዲህ ያለ ሰው ገጥሞት አያውቅም። የሚገርመን ደግሞ ሽማግሌው ይህን ወድደው መፈለጋቸው ነው። በ71 ዓመቱ የሚያወድሰው እንጂ የሚሟገተው የሚፈልግ ሰው ጥቂት ነው።

ሁሉም ተሳክቷል አንልም። «ሙዚቃዊ ስልት» የዋሊያስ ባንድ ሥራ ነው፤ ውበቱ ከእንቅልፍ እንደ ተነሣ ሰው ዘና ብሎ መራመዱ ላይ ነው። ሆላንዶቹ ሩጫ አድርገውታል። ጋሽ ጌታቸውም በዚያ ላይ መሪ መሆናቸው ቀርቶ ከትንፋሽ መሣሪያዎቹ አንዱ ይመስላሉ። «ስትሄድ ስከተላት» ግን ከጠበቅነው በላይ ነው፤ ጊታሮቹ ለአንድ አፍታ ዝቅ ሲሉ የሽማግሌው ድምፅ ብቻውን ይቀራል፣ ያን ጊዜ ከአሮጌው ሸክላ ይበልጥ ቅርብ ሆኖ ይሰማል።

ሁለተኛው አልበም «የአንበሳው ትዝታ» በ2012 ወጣ፤ ጋሽ ጌታቸው 77 ዓመት ሆኗቸዋል። በ2016 ሚያዝያ ወር ላይ አረፉ፤ ስለዚህ የመሰናበቻ ያህል ነው። ቡድኑ ያው ቢሆንም እዚህ ላይ ታግሷል። እኛን የያዘን ትንፋሹ ነው። በ1970ዎቹ በአንድ ትንፋሽ ይሻገሩት የነበረውን ሐረግ አሁን ለሁለት፣ አንዳንዴም ለሦስት ይከፍሉታል። በመካከሉ አየር ሲስቡ ይሰማል። ማንቀጥቀጡ የድሮው ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ወይስ የዕድሜ? መለየት ያስቸግራል። ወጣት ሳለን እንዲህ ያለውን «ደክሟል» ብለን እናልፈው ነበር። ነገር ግን ሽለላ ከመጀመሪያውም በትንፋሽ ልክ የሚሰፈር ነገር ነው ብለን ከላይ ጽፈናል፤ ትንፋሹ ሲያጥር ስንኙ ያጥራል፤ ሥርዓቱ ይኸው ነው። ሽማግሌው ማጠሩን አልደበቁም፤ ቴክኒክ ፈልገው አልሸፈኑትም። ጉልበት የተለየው ፉከራ ምን እንደሚመስል በዚህ አልበም ሰማን። አንድ ዘመን ለጦር ሲጠራ የኖረ ዜማ እዚህ ላይ ማንንም አይጠራም።

አልበሞቹን ለመስማት ለምትፈልጉ፦ በአሮጌው ሸክላ አትጀምሩ፤ እኛ እንደ ሆንነው ያሳንፋችኋል። «ስትሄድ ስከተላት»ን አስቀድሙ፤ ቀጥሎ «ቼ በለው ሽለላ»ን ድራሟን ይዛችሁ ስሙ፤ ከዚያ ሁለተኛውን አልበም ጸጥ ባለ ሰዓት። ጣሳ አትጠቀሙ። ሐሙስ ማታ በንባብ ክፍሉ ሁለት ማዳመጫ ይኖረናል፤ በየተራ ነው። ድምፁን ወደ ውጭ አንለቅም፤ ለጎረቤታችን ቃል ገብተንላቸዋል።