ቅቤ፣ ጥለትና ኦክስጅን

በሥራዬ ትልቁ ነገር ማሽኑን ማንቀሳቀስ አይደለም፤ ታካሚው ከመግባቱ በፊት የማደርገው ፍተሻ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ በአንድ ሆስፒታል የቁስል ሕክምና ክፍል ውስጥ፣ ሃይፐርባሪክ በሚባለው የኦክስጅን ግፊት ሕክምና ላይ እሠራለሁ። መሣሪያውን እኛ ቻምበር እንለዋለን። ከታካሚዎቼ ብዙዎቹ ስኳር እግራቸውን ያቆሰለባቸው አዛውንት ናቸው። ግልጥልጥ ባለው የአክሪሊክ ቱቦ ውስጥ ይጋደማሉ፣ በሩ ይዘጋል፣ ግፊቱ ከውጭው አየር ከ2 እጥፍ በላይ ይወጣል፤ የሚተነፍሱትም ንጹሕ ኦክስጅን ነው። በዚያ ግፊት ኦክስጅኑ በደሙ ፈሳሽ ውስጥ ጭምር ይሟሟና ደም በቅጡ ወደማያገኘው ሥጋ ይደርሳል። ሊቆረጥ የነበረ እግር ሲድን በዓይኔ አይቻለሁና ሕክምናውን እወደዋለሁ። የምሰጋለትም ለዚህ ነው።

ኦክስጅን ራሱ አይቃጠልም፤ አጠገቡ ያለውን ሁሉ ግን ያነድዳል። በተራ አየር ጢሶ የሚቀር ጨርቅ እዚያ ውስጥ ቦግ ይላል። ፀጉርም፣ ቅባትም እንዲሁ። ከሰው ሠራሽ ልብስ የምትወጣ፣ ደጅ ላይ ብትሆን «ቆነጠጠኝ» ብለን የምናልፋት የኤሌክትሪክ ብልጭታ ለመለኮስ ትበቃለች። የአሜሪካ የእሳት ደህንነት ደንብ የአንድ ሰው ቻምበር ከ3 አትሞስፌር ግፊት ወደ ውጭው አየር ቢበዛ በ2 ደቂቃ እንዲመለስ ያዛል። ለቫልቭ 2 ደቂቃ ፈጣን ነው፤ እሳቱ ግን ሥራውን የሚጨርሰው በሰከንዶች ነው። ብዙ ሰው በሚይዙት ትልልቅ ክፍሎች ውስጥ የሚጠየቀው የውኃ መርጫም በእኛ ቱቦ ውስጥ የለም። የማደርገው ነገር ካለ በሩን ሳልዘጋ ነው።

ከ1923 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. የደረሱትን ቃጠሎዎች የመረመረ አንድ ጥናት በ35 የግፊት ክፍል እሳቶች 77 ሰዎች መሞታቸውን መዝግቧል። እስከ 1980 ድረስ ዋናው መነሻ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሰው ራሱ ይዞት የገባ የተከለከለ ነገር ነው። በ1997 ሚላኖ ውስጥ በጋሌያዚ ሆስፒታል 11 ሰዎች ያለቁበት ቃጠሎ መነሻም አንዲት የእጅ ማሞቂያ እንደሆነች ይታመናል። ማሽኑ ተሻሽሏል፤ አደጋው ወደ ኪስ ተዛውሯል።

የእኛ ሰው ሲመጣ ደግሞ ፍተሻው የራሱ መልክ አለው። የሚሰጠው ወረቀት ሎሽን፣ ሜካፕ፣ ስልክ፣ ሰዓት፣ የጆሮ መስሚያ እያለ ይዘረዝራል። ቅቤ አይልም። እናቶቻችን «ሎሽን ተቀብተዋል?» ሲባሉ «የለም» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ በሻሹ ሥር ያለው ለጋ ቅቤ ሎሽን አይደለምና። ስለዚህ ጠጋ ብዬ «እማማ፣ ከአናትዎ ላይ ቅቤ ጣል አድርገዋል እንዴ?» እላለሁ። አድርገው ከሆነ የዚያን ቀን አይገቡም። ይከፋቸዋል፤ ልጃቸው ከሥራ አስፈቅዳ ነው ያመጣቻቸው። እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ላይ አልለሳለስም። ነጠላም አለ። «ጥጥ እኮ ነው ልጄ» ይሉኛል፤ መደቡ ጥጥ ነው፣ ጥለቱ ግን ሰው ሠራሽ ክር የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። እኛው በምንሰጠው የጥጥ ልብስ ብቻ ይገባሉ።

ማተብ ሲሆን የምጠይቀው ምን እንደሆነ ስለማውቅ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ሳያዩ እንዲያወልቁ የሚያዝዙ ባልደረቦች አሉ፤ ያ አይሆንም፣ የተጣደፈና ያፈረ ሰው ሌላውን ነገር ይደብቃል። አንድ አባት የነፍስ አባታቸውን አማክረው፣ የብረት መስቀሉን ለልጃቸው ሰጥተው፣ በአንገታቸው ንጹሕ የጥጥ ክር ብቻ አስረው ተመለሱ። የደህንነት ኃላፊያችን ክሩን መረመረና ፈቀደ። ከዚያ በኋላ ኪስ ይዳሰሳል፣ ብልጭታ እንዳይፈጠር በእጃቸው አንጓ ላይ የሚታሰረው የምድር ሽቦ መሥራቱ በገቡ ቁጥር ይለካል። ትናንት ተለክቷል ማለት ለዛሬ አይሆንም።

ይህን ሁሉ እንዳደርግ የሚያስገድደኝ ማን ነው? ሆስፒታሌ ነው። የፌዴራሉ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መሣሪያውን ይመረምራል፤ የሚሠራበትን ቤት ግን አይቆጣጠርም። የባሕር ሥርና ሃይፐርባሪክ ሕክምና ማኅበሩ የሚሰጠው ዕውቅና በፈቃደኝነት የሚወሰድ ነው። የእሳት ደንቡም በሕግ ተቀባይነት ካላገኘ ከወረቀት አያልፍም። ፀጉር አስተካካይ የግዛት ፈቃድ በሚጠየቅበት አገር፣ ሰውን በንጹሕ ኦክስጅን ውስጥ የሚቆልፍ እጅ ፈቃድ የማይጠየቅበት ቦታ መኖሩ ያሳዝነኛል፤ ያስቆጣኛልም። ጃንዋሪ 31 ቀን 2025 ሚሺጋን፣ ትሮይ ከተማ ውስጥ፣ ከሆስፒታል ውጭ ባለ ማዕከል አንድ የ5 ዓመት ሕፃን በቻምበር ውስጥ ተቃጥሎ ሞተ። ዐቃቤ ሕግ እንደሚለው በዚያን ቀን የምድር ሽቦ አልታሰረለትም፣ ሐኪምም በቦታው አልነበረም። አራት ሰዎች ተከሰዋል። ክሱ የመጣው ከሞቱ በኋላ ነው፤ ተቆጣጣሪ መምጣት የነበረበት ከዚያ በፊት ነው።

ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ወላጆች፣ ከእኛው ማኅበረሰብ፣ ይደውሉልኛል። ባለሥልጣኑ ቻምበርን ለኦቲዝም እንዳልፈቀደ ሳልሸፋፍን እነግራቸዋለሁ። ተስፋቸው ይገባኛልና ስልኩን ቶሎ አልዘጋም። ጨክነው የሚሄዱ ከሆነ የደህንነት ኃላፊው ማን እንደሆነ በስም እንዲጠይቁ፣ የምድር ሽቦው ፊታቸው ላይ ሲለካ እንዲያዩ፣ ቻምበሩ አጠገብ ሁልጊዜ የሚቆም ሰው መኖሩን እንዲያረጋግጡ እመክራለሁ። ልጁ የቤቱን ልብስ እንደለበሰ፣ መጫወቻውን እንደያዘ ይግባ ካሏችሁ ግን ሌላ ጥያቄ አያስፈልግም፤ የከፈላችሁትን ገንዘብ እንኳ ሳታስቡ ልጁን ይዛችሁ ውጡ እላቸዋለሁ።