ሳቁን ማን ይከፍለዋል? የባሪ ፊትዝጄራልድ ሁለት መድረኮች

ከሲኒማ ቤት ስንወጣ የምናወራው ስለ ዋናው ተዋናይ ነው። ማስታወቂያው ላይ የተሳለው እሱ፣ በመጨረሻ ልጅቷን የሚያገባው እሱ። ሳምንት ካለፈ በኋላ ግን በልባችን ቀርቶ የምናገኘው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው፤ በአንዱ በር ገብቶ፣ ሁለት ነገር አጉረምርሞ፣ በሌላው በር የወጣ ሽማግሌ። አየርላንዳዊው ባሪ ፊትዝጄራልድ እንዲህ ያለ ተዋናይ ነበር። የዚህች አጭር ሂስ ዓላማ የሕይወት ታሪኩን መተረክ ሳይሆን በሱ ላይ የሚሰነዘረውን ክስ መመርመር ነው። ክሱም ባጭሩ «ሰውየው ጥበቡን ለሆሊውድ ሸጠ» የሚል ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክሱ ከየት መጣ? በእንግሊዝ መድረክ ላይ ለረጅም ዘመን አንድ የተለመደ አየርላንዳዊ ነበር፤ ሰካራም፣ ለፍላፊ፣ ለጠብ የቸኮለ፣ ልቡ ግን የዋህ የሆነ ሞኝ። ገዢው ተመልካች ይስቅበታል፤ ስቆም በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል። ገጣሚው ዬትስ፣ ሌዲ ግሪጎሪና ጓደኞቻቸው በ1897 ዓ.ም. ብሔራዊ ቴአትር ለማቋቋም ሲያስቡ፣ አንዱ ዓላማቸው ይህን ሥዕል ማፍረስ ነበር። ከዚህ እንቅስቃሴ ነው በ1904 ዓ.ም. ደብሊን ውስጥ የአቢ ቴአትር የተከፈተው። ፊትዝጄራልድን ያበቀለውም ይኸው ቤት ነው። ታዲያ የሞኙን አየርላንዳዊ ሥዕል ሊያፈርስ ከተቋቋመ ቤት የወጣው ተዋናይ በዓለም ፊት ያንኑ ሥዕል ሆኖ ቀረ ነው የሚባለው። ክሱ ቀላል አይደለም።

ሰውየው በ1888 ዓ.ም. ደብሊን ተወለደ። እውነተኛ ስሙ ዊልያም ጆሴፍ ሺልድስ ነው። ቀን ቀን የመንግሥት ቢሮ ሠራተኛ ነበር፤ ኋላም በሥራ አጦች ጉዳይ ቢሮ ተመድቦ ሠርቷል። ማታ ማታ ደግሞ በአቢ መድረክ ይጫወታል። ሁለት ኑሮ ስለነበረው ሁለት ስም አስፈለገው። ደመወዙን ትቶ ሙሉ በሙሉ ለመድረክ ያደረው በ1929 ዓ.ም. ነው፤ ዕድሜው አርባን ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው። እስቲ አስቡት፤ ተስፋ የቆረጠ፣ የሚዋሽ፣ የሚለማመጥና የሚኮራ ፊት የሚታይበት ከሥራ አጦች ቢሮ የተሻለ የትወና ትምህርት ቤት ከወዴት ይገኛል?

ይህ ትምህርት ፍሬ ያፈራው በ1924 ዓ.ም. በሾን ኦኬሲ «ጁኖና ፒኮኩ» ተውኔት ላይ ነው። ፊትዝጄራልድ የተጫወተው ካፒቴን ቦይልን ነው። ሰውየው ካፒቴን ነኝ ይላል እንጂ ባሕሩን በቅጡ አያውቀውም። ሥራ ተገኘልህ ሲሉት እግሩን ያመዋል። ተመልካቹ ይስቃል፤ መሳቅም አለበት። ግን ደራሲው ሳቁን በነፃ አይሰጥም። ይመጣል የተባለው ውርስ ይቀራል፤ በዱቤ የገባው ዕቃ እየተነቀለ ይወጣል፤ ልጅቷ አርግዛ ትከዳለች፤ ወንድ ልጁ በእርስ በርስ ጦርነቱ ይገደላል። እናቲቱ ጁኖ ልጇን ይዛ ቤቱን ጥላ ትሄዳለች። በመጨረሻ ባዶው ክፍል ውስጥ ሰክሮ የሚገባው ያ ሲያስቀን ያመሸው ሰው ነው። ምንም አልተለወጠም፤ ያው ቀልድ፣ ያው አረማመድ ነው። አሁን ግን ሳቁ ጉሮሯችን ላይ ይቆማል፤ የሳቃችንን ዋጋ ሚስቱና ልጆቹ እንደከፈሉት አይተናላ።

በ1926 ዓ.ም. «ማረሻውና ከዋክብቱ» ሲቀርብ ደግሞ ተመልካቹ ራሱ መድረኩን ወረረ። ኦኬሲ የ1916ቱን የትንሣኤ አመፅ ከጀግኖቹ ይልቅ ከድሆቹ ጎን ሆኖ አይቶት ነበርና። በዚያ ተውኔት ፊትዝጄራልድ ፍሉተር ጉድን ተጫወተ። ወንድሙ አርተር ሺልድስ በ1916 ዓ.ም. ጠመንጃ አንሥቶ ተዋግቶ የታሰረ ሰው ነው፤ እሱም የአቢ ተዋናይ ነበር። ስለዚህ እነዚህ ተዋንያን ሕዝባቸውን አያውቁም፣ አገራቸውን ይንቃሉ ማለት አይቻልም።

ከዚያ ሲኒማው መጣ። ሂችኮክ በ1930 ዓ.ም. «ጁኖ»ን ወደ ፊልም ሲቀይር ቦይልን ለሌላ ተዋናይ ሰጥቶ፣ ለፊትዝጄራልድ አንዲት ትንሽ የተናጋሪ ሚና ወረወረለት። ጉድ ነው! በ1936 ዓ.ም. ጆን ፎርድ «ማረሻውና ከዋክብቱ»ን ሊያነሣ ወደ ሆሊውድ ጠራው፤ ከዚያ ወዲያ አብዛኛው ሥራው እዚያው ሆነ። በ1944ቱ «ጎይንግ ማይ ዌይ» ፊልም እንደ ሽማግሌ የካቶሊክ ቄስ ሆኖ ሲጫወት፣ በዚያ አንድ ሚና ለዋና ተዋናይም ለረዳት ተዋናይም የኦስካር ሽልማት ታጨ፤ የረዳቱንም አገኘ። እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደገም ኋላ ደንቡ ተለወጠ። የሚገርመው፣ ፊትዝጄራልድ ራሱ ፕሮቴስታንት ነበር።

ክሱ የሚከብደው በ1952ቱ «ዝምተኛው ሰው» ላይ ነው። እዚህ ጋሪ የሚነዳ፣ ጠጅ ቤት ባየ ቁጥር ፈረሱ የሚቆምለት አጋቢ ሽማግሌ ነው። ስካሩ ያው የቦይል ስካር ነው፤ አነጋገሩም ያው። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? የዚህኛውን ስካር ማንም አይከፍለውም። የሚራብ ልጅ የለም፤ የሚነቀል ዕቃ የለም። ሜዳው አረንጓዴ፣ ሳቁ ነፃ ነው። አቢ ሊያፈርሰው የተነሣው ሥዕል እነሆ በቀለም ፊልም ተመልሶ መጣ።

ታዲያ ጥፋቱ የተዋናዩ ነው? ከሳሾች እዚህ ላይ ይስታሉ። በ1948 ዓ.ም. ጁልስ ዳሲን በኒውዮርክ ጎዳናዎች ያነሣውን «ራቁቷ ከተማ» እንመልከት። ፊትዝጄራልድ መርማሪ ፖሊስ ነው። ያ አጭር ቁመት፣ ያ ወፍራም ቅንድብ፣ ያ የሚሰነጠቅ ድምፅ እዚህም አለ። ሆኖም ቀልዱ የልጅቷን ሬሳ ከፊታችን አያነሣም፤ ይልቁንም ብዙ ሞት ያየ ሰው እንዳያብድ የያዘው ምርኩዝ ይመስላል። ስለዚህ መሣሪያው አልዶለዶመም። የተለወጠው በእጁ የተሰጠው ጽሑፍ ነው።

እርግጥ «እንቢ ማለት ይችል ነበር» የሚል ይኖራል። ይችል ነበር። ነገር ግን ረዳት ተዋናይ ጽሑፍ አይመርጥም፤ ፊቱን ያመጣል፣ ሌላው ያዝበታል። በ1961 ዓ.ም. ደብሊን ሲሞት ዓለም ያዘነው ለዚያ ለደጉ ሽማግሌ ነው፤ ቦይልን ያስታወሱት ጥቂቶች ነበሩ። ይህ ኪሳራ ነው፤ ግን ዕዳውን ለተዋናዩ ብቻ ማሸከም ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከኛ መካከል ተውኔት የምንጽፍ አለን፤ ጥያቄው ወደኛ ይዞራል። ሰካራም ወይም ለፍላፊ ወደ መድረክ ስናስገባ፣ በሱ ሳቅ ምክንያት እቤቱ ውስጥ ማን ሳይበላ እንደሚያድር ጽፈናል? ካልጻፍን፣ ፊትዝጄራልድን የሚያህል ተዋናይ ብናገኝ እንኳ ከጋሪ ነጂነት አያልፍልንም።